ሸክላ፦ የ«ሮኪ» ፊልም ሙዚቃ፣ እ.ኤ.አ. 1976

በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው አሜሪካዊው ቢል ኮንቲ (የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1942) በአነስተኛ በጀት ለተሠራው ለዚህ የቦክስ ፊልም የደረሰው ዋና ዜማ፣ «ጎና ፍላይ ናው»፣ የሚከፈተው በፋንፋር፣ ማለትም የታላቅ ሰውን መምጣት በሚያበሥር አጭር የመለከት ጥሪ፣ በመሆኑ ገና ምንም ያላሸነፈውን ተራ ቦክሰኛ አስቀድሞ እንደ ንጉሥ ይቀበለዋል፤ የድርሰቱ ብልሃትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ግጥሙ ከጥቂት ቃላት የማያልፈው ይህ ዜማ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃን ያዘ። ኮንቲ የእግር ኳስ ተጫዋቹ ፔሌ ለተወነበት «ቪክትሪ» (1981) እና ከተደረደሩ ሸምበቆዎች የሚሠራው የፓን ዋሽንት ለሚሰማበት «ካራቴ ኪድ» (1984) ሙዚቃ የደረሰ ሲሆን፣ የኦስካር ሽልማት ያገኘው ግን በስፖርት ፊልም ሳይሆን ስለ ጠፈር ተጓዦች በሚተርከው «ዘ ራይት ስታፍ» (1983) ነው።