ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ቀረ

ሞባይል ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ያኔ ብዙ ቀፎዎች የኒኬል ባትሪ ነበራቸው፤ «ጨርሶ ሳያልቅ ቻርጅ አታድርግ» የሚለው ምክርም የመጣው ከዚያ ዘመን ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያበቃው ሊቲየም ባትሪ በኋላ ኒኬሉን ተካው። የሊቲየም ጠባይ ግን ሌላ ነው፦ ደጋግሞ እስኪዘጋ ማድረቅ ያስረጀዋል፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ቢቆይ ይመቸዋል። እንደ ጓሳ ባለ ውርጭ ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘን ስልክ ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ይጎዳል።

ይህን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። መብራት ያልደረሰው የመንዝ ወይም የመርሐቤቴ ገበሬ ስልኩን የሚሞላው ለገበያ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሲሄድ ከሆነ፣ እስኪዘጋ መጠቀም ግዴታው ነው። ጥቂት በጥቂት መሙላት የሚችለው ሶኬት ቤቱ ያለው ነው። የባትሪ ዕድሜ መጀመሪያ የመብራት ጥያቄ ነው።