ስለ ፊልም የሚናገር ሰው፦ ከቤንሺ እስከ ፖድካስት

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የፊልምን ታሪክ ሳይሆን ስለ ፊልም የሚናገሩ ሰዎችን ታሪክ ነው። ልጆቻችን በአውቶቡስ ውስጥ ጆሯቸውን ደፍነው የሚሰሙት ሁሉ ዘፈን አይደለም። አንዳንዱ ፖድካስት የሚባለው ነው፤ ሬዲዮን ይመስላል፣ ነገር ግን ሰዓት አይጠብቅም፤ አድማጩ ሲሻው ይከፍተዋል፣ ሲሻው ያቆመዋል። ስለ ፊልምና ስለ ፊልም አሠራር የሚያወሩት ብዙ ናቸው። መሣሪያው አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው የቆየ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በጃፓን አገር ቤንሺ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ቤንሺው ከሸራው አጠገብ ሆኖ የተዋንያኑን ንግግር ድምፁን እየለዋወጠ ያሰማል፤ ፊልሙ የባዕድ አገር ከሆነም እንግዳ የሆነውን ልማድ ለተመልካቹ ያስረዳል። በስማቸው ብቻ ሰው የሚሰበሰብላቸው ቤንሺዎች ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልም ሲስፋፋ ግን ከሥራ ወጡ። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ከነዚህ አንዱ ነበረ፤ በ1933 ሕይወቱን በራሱ እጅ አጠፋ። እኛ በምንኖርባት በእስራኤልም ቢሆን በቀደመው ጊዜ የዕብራይስጡ ትርጉም በፊልሙ ላይ አይጻፍም ነበር። ከጎን ባለ ሌላ ሸራ ላይ፣ በሰው እጅ እየተጠቀለለ ነበር የሚታየው። እጁ የዘገየ እንደሆነ ሰዉ የሚስቀው ቀልዱ ካለፈ በኋላ ነው።

የዛሬው የፊልም ፖድካስት የቅርብ አባት የምንለው ግን በ1962 የተደረገ አንድ ውይይት ነው። ፍራንሷ ትሩፎ የ30 ዓመት ፈረንሳዊ ነበረ፤ ገና ሦስት ረጃጅም ፊልሞች ብቻ ነው የሠራው። አልፍሬድ ሂችኮክ ደግሞ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በእንግሊዝ፣ ኋላም በአሜሪካ ሲሠራ የኖረ ስመ ጥር ሰው ነው። ሆኖም ብዙ የአሜሪካ ሐያስያን ሕዝብን ከማስደንገጥ ያለፈ ቁም ነገር እንደሌለው አድርገው ያዩት ነበር። ትሩፎ ይህን ፍርድ ማስለወጥ ፈለገ፤ ስለ ሥራዎ ሁሉ በተራ ልጠይቅዎ ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ውይይቱ በሆሊውድ የተጀመረው ኦገስት 13 ቀን፣ ሂችኮክ 63 ዓመት በሞላው ዕለት ነው፤ ሳምንት ያህልም ቆየ።

የቀድሞ ትውውቃቸው ያስቃል። በ1955 ክረምት ትሩፎና ጓደኛው ክሎድ ሻብሮል ጋዜጠኞች ሆነው ሂችኮክን ሊያነጋግሩ ሲሄዱ፣ በረዶ የሸፈነው ኩሬ ውስጥ ከነቴፕ መቅረጫቸው ገቡ። ሂችኮክ ከዓመታት በኋላም በዊስኪ ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ሲንኳኳ ባየ ቁጥር ትዝ ይሉኛል ይል ነበር ይባላል።

በ1962ቱ ውይይት የተጠየቀው ጥያቄ ሊጠና የሚገባው ነው። ትሩፎ ፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይህ እንዴት ተሠራ ይላል። በ1941 በወጣው «ጥርጣሬ» በተባለው ፊልም ባልየው በጨለማ ደረጃ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት ይዞ ይወጣል፤ ተመልካቹ መርዝ ይሆን ብሎ ይሠጋል። ዓይናችን ከወተቱ የማይነቀለው ለምንድን ነው? ሂችኮክ ብርጭቆው ውስጥ መብራት ስላስቀመጠ ነው። እንዲህ ያለ መልስ የሚገኘው ጠያቂው ፊልሙን አጥንቶ ከመጣ ብቻ ነው።

የትሩፎ እንግሊዝኛ ደካማ ስለነበረ በመካከላቸው ሄለን ስኮት ተቀምጣ ነበር። ኒው ዮርክ በነበረው የፈረንሳይ ፊልም ቢሮ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። በ1966 በወጣው መጽሐፍ ስሟ በተባባሪነት ሰፍሯል፤ ሰው ግን መጽሐፉን የሚጠራው በሁለቱ ወንዶች ስም ነው። ኋላ በፈረንሳይ ሬዲዮ የተሰማው ቴፕ ግን እውነቱን ያወጣል፦ የእሷ ድምፅ በየጥያቄውና በየመልሱ መካከል አለ። ለእኛ የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ፖድካስት የሚለው ቃል በ2004 በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ2014 ካሪና ሎንግዎርዝ የሆሊውድን የጥንት ታሪክ ራሷ እየጻፈች በራሷ ድምፅ ማቅረብ ጀመረች። በ2020 ደግሞ ታዋቂው የካሜራ ባለሙያ ሮጀር ዲኪንስ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ የሙያ ባልደረቦቹን መጠየቅ ያዘ።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2005 በሩማንያ የተወለደው ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ራዱ ሚሃይሌኑ በዘመቻ ሙሴ ስለመጣ ልጅ ፊልም ሠራ። ቀጥሎ የራሳችን ልጆች ተነሡ፦ ሽሙኤል በሩ በ2008 «ዘሩባቤል»ን፣ ባዚ ጌቴ በ2014 «ቀይ ቅጠሎች»ን፣ ዓለምወርቅ ዳቪዲያን በ2018 «የበለስ ዛፍ»ን አቀረቡ። አማርኛ በብዛት ይነገርባቸዋል። ውይይቱ ግን በአብዛኛው በዕብራይስጥና በሌላ ቋንቋ ሆነ፤ ነገሩን የኖሩት ወላጆቻችን ምን አያችሁ ብሎ የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። አባት ለአምስት ደቂቃ ይናገራሉ፤ የ12 ዓመቱ ልጅ ዞር ብሎ «አይሆንም ይላል» ብሎ ይተረጉማል። አንቱታው እንኳ በመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ ወጣቶቻችን በሁለት ቋንቋ የፊልም ፖድካስት እንጀምር ሲሉ ምክራችን ይህ ነው። ጠያቂው ፊልሙን ሁለት ጊዜ ይይ። አስተርጓሚው ለአካለ መጠን የደረሰና ሥራውን የሚያውቅ ይሁን፤ የልጅ ልጅ አይሁን። የሽማግሌው አማርኛ ሳይቆረጥ ይሰማ፣ ዕብራይስጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ የአስተርጓሚው ስምም ከጠያቂው ስም እኩል ይጠራ። በ«ቀይ ቅጠሎች» ደበበ እሸቱ የሚጫወቱት አባት ሚስታቸው ሲሞቱ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ልጆቻቸው ይሄዳሉ፤ አባቶችን ቤቱን መሸጣቸው ልክ ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። በ«የበለስ ዛፍ» ደግሞ ዘመኑ 1989፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ ወጣቱ ለውትድርና እንዳይያዝ ይደበቃል። ያኔ ወንድ ልጅ የት ይደበቅ እንደነበረ የሚያውቁ እናቶች በየሠፈራችን አሉ። ቡና እያፈሉ ቢናገሩ ደስ ይላቸዋል፤ ማይክሮፎኑ ግን ከረከቦቱ ራቅ ይበል፣ የስኒው ድምፅ ቃላቸውን እንዳይውጠው።