ጥፋተኛን የሚይዘው ጊዜ ነው ወይስ ጎረቤት?

ክፉ ሠሪ ውሎ አድሮ መያዙ እንደማይቀር የሚናገሩ የእንግሊዝኛ አባባሎች የመያዙን ሥራ በአብዛኛው ለጊዜ ይተዋሉ። የ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር በካንተርበሪ ተረቶቹ የተጠቀመበት፣ ነፍስ ማጥፋት ተሸሽጎ አይቀርም የሚለው አባባል ገዳዩን ማን እንደሚያጋልጠው አይገልጽም፤ ለሌባ ገመድ ብትለቅለት ራሱን ይሰቅልበታል የሚለውም አሳዳጁን ከድካም ያሳርፈዋል። የአማርኛው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

የኢትዮጵያ ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶች ግን ንጋቱን ተቀምጠው አልጠበቁም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ወንጀል የተፈጸመበትን አካባቢ ነዋሪ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ያስገድድ ነበር። ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ ፍለጋ ሥርዓት ደግሞ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ የገባበትን ቤት የሌባ ቤት ያደርግ ስለነበር፣ የስንቱን ንጹሕ ሰው ስም እንዳጠፋ መገመት አያዳግትም።

ሐዋሳ ያለችበት የሲዳማ ምድር ለዚሁ ጥያቄ የሰጠው መልስ ከሁለቱም የጠለቀ ነው። የሽማግሌዎች ሸንጎ የሆነው ሶንጎ ነገሩን የሚመረምረው በአፊኒ፣ ማለትም «ሰምታችኋል ወይ?» በሚል ጥያቄ ሲሆን፣ የሚፈለገውም ሀላሌ፣ ይኸውም እውነት ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ አድማጩ ሁሉ ለእውነቱ ኃላፊ ይሆናል፤ በዳዩም ተገዶ ከመያዝ ይልቅ ራሱ አምኖ ካሣ እንዲከፍልና እንዲታረቅ ይጠበቃል። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ተንኮል የሚመስለው ሴራ የሚለው ቃል በሲዳምኛ ሕግ ማለት ነው፤ ለሴራ አልገዛም ያለ ሰው ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል፤ በሥራም በሐዘንም ጎረቤት አይደርስለትም። ሰው በጎረቤቱ ትብብር በሚያርስበትና በሚቀበርበት አገር ይህ ከእስር የሚቀል ቅጣት አይደለም።

የአፊኒ ጥያቄ ግን የሚተዋወቁ ሰዎችን ይሻል። ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሰዎች ግድግዳ ተጋርተው ሳይተዋወቁ በሚኖሩባት በዛሬይቱ ሐዋሳ፣ የወንጀል ነገር በዋናነት የፖሊስና የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ሆኗል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በየዓመቱ በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ ጉዱማሌ በተባለው ስፍራ ሲከበር፣ ሽማግሌዎች ሥራ እንዲከበርና አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ከሚሰጡት ምክር ጋር ስርቆትንና የሐሰት ምስክርነትን ዛሬም በአደባባይ ያወግዛሉ።