ዳገቱ ሳይጀምር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የባቡር ነው፣ ባቡሩ ግን መሬት ነክቶ አያውቅም።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከቤቶቹ ጀርባ በሚጀምርበት በኩል፣ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ክረምት ገብቶ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጁን ሲያለብሰው፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ባቡር ይነዳል። ጨዋታው ዲሬይል ቫሊ ይባላል፤ ጭነት ትቀጥላለህ፣ ታደርሳለህ፣ ይከፈልሃል፤ ሎኮሞቲቩን ከጎዳህ ግን ዕዳው ያንተ ነው። ልጁም ፉርጎውን ደርድሮ ትንሿን ዲዝል ያስነሣና የኃይል መስጫውን እጀታ እስከ ጥጉ ይገፋዋል፤ ከዚያ ዳገቱ ይመጣል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እሱም እጀታውን እንደገፋ ይጠብቃል፣ ከዚያም የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ይነካና ጉልበቷ ይከዳታል፣ ያ ሁሉ ፉርጎም ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አያቱ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከጀርባው ቆመው አዩት። እኚህ ሰው በጉብዝናቸው ዘመን ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ፣ ዲዝል ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ናቸው። መስመሩን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ተነሥቶ እንደ ፈረንጆቹ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው። አዋሽ ላይ 1,000 ሜትር ገደማ የነበረ ባቡር ለገሃር ሲቆም ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ያ ሁሉ ዳገት ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አይወጣም።

«የቱ ነው የጋለብህ ልጄ?» አሉት።

«ሞተሩ ነዋ አባባ።»

«ሞተሩማ አንድ አይደለም።»

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ረጋ ብለው ነገሩት። ዲዝሉ ጎማውን አያዞርም፤ ጀነሬተሩን ያዞራል፣ ጀነሬተሩም ከአክስሉ ጋር ለተያያዙት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሰጣል። ባቡሩ ዳገት ላይ ሲያዘግም እነዚያ ሞተሮች ብዙ አምፔር ይስባሉ፣ ጥቅልላቸውም የሚጋለው ያኔ ነው። «አምፔሩን እይ፤ የሙቀቱ መርፌ ወሬ የሚያመጣልህ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው» አሉት።

ዲዝሉም የራሱ ጣጣ አለው፤ በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ያንኑ ያህል ይደክማል። ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ ከተማው ላይ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ 90 አካባቢ፤ ራዲያተር ውስጥ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ይህን ሲናገሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩት፤ የጋለ ክዳን የከፈቱ ዕለት ያገኙት ነው። (በኮተቤ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የምትወጡማ ታውቁታላችሁ፤ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተሸጉጦ፣ ረዳቱ ጄሪካን ይዞ የሚጠብቅበት የጭነት መኪና አይታጣም፤ የሚጠብቀው ውሃው እስኪመጣ ሳይሆን ክዳኑ እስኪበርድ ነው።)

«ታዲያ ሲግል ላጥፋው?»

«ኧረ! ጭነቱን አንሣለትና በቀስታ ይዙር እንጂ። ካጠፋኸው የውሃው ፓምፕ ይቆማል፣ ሙቀቱም እዚያው ታፍኖ ይቀራል።»

ልጁም ግማሹን ፉርጎ ለሁለተኛ ዙር ጣቢያ ላይ ተወው፣ ሜዳው ላይ ፍጥነት ሰበሰበና ዳገቱን ያዘ፤ አምፔሩ ከፍ ባለ ቁጥር አያቱ በአንድ ጣታቸው ትከሻውን መታ ያደርጉታል፣ እሱም እጀታውን አንድ እርከን ይመልሳል፣ ከዚያ ትንሽ ይሄዳሉ፣ ከዚያ እንደገና መታ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ዝናቡ ሳያባራ ጫፍ ወጡ። መርፌው ከቀዩ በታች ነበር። ልጁ እፎይ ብሎ ወደ ኋላ ዞር ሲል አያቱ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ቁልቁለቱንስ በምን ልትይዘው ነው? አሁን ደግሞ የሚጋለው ፍሬኑ ነው።»