የውጭ አገር ተማሪ ቤታችን ይግባ ወይስ ይቅር?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣልኝ ነው። "ቲቸር፣ የውጭ አገር ተማሪ ለጥቂት ወራት ቤታችሁ አሳድሩ ተብለናል፤ እሺ እንበል ወይስ ይቅርብን?" አባት ወጪውን ያሰላል። እናት "ምን ላበላት ነው?" ትላለች። አያት ደግሞ "የሰው ልጅ ብትታመምብን ለእናቷ ምን እንላለን?" ብለው ሲጨነቁ ያድራሉ። የአዳማን ውኃ የምታውቁ ደግሞ "ሻወሩስ?" የሚለውም ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ምክር ስጠየቅ መጀመሪያ ወደ ኋላ ማየት ይቀናኛል። ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከሩቅ የመጣ ተማሪን ማሳደር አያት ቅድመ አያቶቻችን የሚያውቁት ሥራ ነው። የተሳካልንም የተበላሸብንም ጊዜ አለ። ሁለቱንም ልንገራችሁና ውሳኔው የራሳችሁ ይሁን።

ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የምንጠራው ነጃሺን ነው። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች አክሱም ተቀብላ አስጠልላለች። ትልቅ ታሪክ ነው፤ ግን የዛሬውን ጥያቄ አይመልስልንም። ስደተኛን ማስጠለል የንጉሥ ውሳኔ ነበር። ተማሪን ማሳደር ግን የአንድ ጓዳ ውሳኔ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዶሮ ይታረዳል፣ አልጋ ይለቀቃል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ይሸኛል። ተማሪ ግን ይከርማል። ዶሮው ካለቀ በኋላም እዚያው ነው።

ለዚህ ለሚከርመው ልጅ አገራችን የራሷ ዘዴ ነበራት። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ሆን ብሎ ከዘመድ ርቆ ነው የሚሄደው፤ ቅርብ ከሆነ እናቱ ትጠራዋለች፣ አባቱ ለእርሻ ይፈልገዋል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የማያውቀው አገር የቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ ጎጆ ይቀልሳል። ማታ ማታ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ የዕለት እንጀራውን ይለምናል። የመንደሩ ሰው ስሙን እንኳ ላያውቀው ይችላል፤ ግን ከሌማቱ ያካፍለዋል። በእስልምናውም ደረሳው እንዲሁ ነበር። ወሎ ውስጥ እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ወዳሉ የትምህርት ማዕከሎች ከሩቅ አገር የመጣው ልጅ የሚኖረው የአካባቢው ሰው እየተካፈለ በሚሰጠው ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ተማሪውን አንድ ሀብታም ቤት አልነበረም የሚያሳድረው። መንደሩ በሙሉ ነው። ማንም ቤቱን አላስጌጠለትም፤ ማንም ግን ራቡን አላየሁም አላለም።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው በጥቂት ከተማ ብቻ ስለነበር የገጠሩ ልጅ ስንቁን ይዞ ወደ አሰላ፣ ወደ ናዝሬት፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣ ጀመር። የሚያርፈውም ዘመድ ቤት ነው። ከእናንተ ወላጆች መሀል ስንቱ በአክስቱ ወይም በአጎቱ ቤት ተምሮ ሰው እንደሆነ ቤት ይቁጠረው። ግን እውነቱን እንነጋገር። በብዙ ቤት የዘመድ ልጅ ማለት ውኃ ቀጂ፣ ተላላኪ፣ ሕፃን አዛይ ማለት ነበር። የቤቱ ልጆች ሲያጠኑ እሷ ትጋግራለች፤ እነሱ ሲተኙ ነው በኩራዝ ደብተሯን የምትከፍተው። አሳዳሪዎቹ "አስተማርናት" ይላሉ፤ እሷም ታመሰግናለች። ግን በልቧ የምታውቀው ሌላ ታሪክ አለ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ይሄ ነው፤ ተማሪን አሽከር ማድረግ።

ሁለተኛው ጥፋት የተገላቢጦሽ ነው፤ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ደግሞ ንጉሥ እናደርገዋለን። ከተማችን ፈረንጅ ያየችው ዛሬ አይደለም። ባቡሩ ፈረንሳዩን አመጣ። ወንጂ ላይ ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት ጀመረ። እስከተወረሰበት እስከ 1967 ዓ.ም ድረስ የሆላንድ ቤተሰቦች ከከተማችን አፍንጫ ሥር ኖረዋል። ግን የነሱ ሰፈር ሌላ፣ የሸንኮራ ቆራጩ ካምፕ ሌላ ነበር። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንቶቻችን አንድ ገበታ ቀረብን? ጎረቤት መሆንና አንድ ማዕድ መቅረብ ለየቅል ናቸው።

የአፍሪካ ልጆችም መጥተውልን ነበር። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም አክራ ላይ ነፃ የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ የተማረው በዚያው ዘመን እዚሁ ነው። እነዚህ ልጆች ያረፉት ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ከኛ ተማሪዎች ጋር አንድ ግቢ ነው። የመጡት ገና በቅኝ ግዛት ካሉ አገሮች ነው፤ ፖለቲካ በደማቸው ነበር። የኛው ተማሪ ዝም ማለቱ ገረማቸው። በየማደሪያው የተደረገው ክርክር የኢትዮጵያን ተማሪ አፍሪካዊነቱን እንዲያስብ፣ የራሱንም መንግሥት እንዲጠይቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ እንደነበር የተማሪውን ንቅናቄ ያጠኑ ሁሉ ይናገራሉ። ንጉሡ ለአፍሪካ ውለታ ዋልኩ ብለው ነበር፤ የገባው ግን ሐሳብ ነው። አብሮ ያደረ ሰው ዝም ብሎ አድሮ አይሄድም።

ከዚያ ፒስ ኮር መጣ፤ ያኔ "የሰላም ጓድ" እንለው ነበር። በ1955 ዓ.ም መባቻ ላይ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን ወጣቶች አንድ ላይ ገቡ፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆኑ። ናዝሬትም ደርሷታል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከዛሬ በፍቅር ያነሷቸዋል። ግን የት ነበር የሚኖሩት? አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ተከራይተው፣ ምግብ አብሳይ ቀጥረው። አስተማሪውን ክፍል ውስጥ እናውቀዋለን፤ ቤት ሲገባ ግን በሩ ይዘጋል። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ የተማሪው ንቅናቄ ሲጋጋል ፒስ ኮር ከአገር ይውጣ የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ብዙዎቹም ጥለው ሄዱ። ምክንያቱ የቬትናም ጦርነትና የአሜሪካ ፖለቲካ ነበር እንጂ የቤት ኪራይ አይደለም። ሆኖም እንጀራ አብሮ የቆረሰን ልጅ እንደዚያ በጅምላ ውጣልኝ ማለት ይከብድ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሚገርመው፣ ያንን ድርጅት ያቋቋመው ሰው ራሱ የቤተሰብ እንግድነት ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዶናልድ ዋት የሚባል አሜሪካዊ፣ ወጣቶች የሰው አገር የሚገባቸው በሆቴል ሳይሆን በቤተሰብ ውስጥ ሲኖሩ ነው ብሎ አንድ ፕሮግራም ጀመረ። ሳርጀንት ሽራይቨር ገና ወጣት ሳለ በዚሁ ፕሮግራም ጀርመን ሄዶ ነበር፤ በኋላ የፒስ ኮር የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው እሱ ነው። ኤ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለውም እንዲሁ ነው። መነሻው የአምቡላንስ ሾፌሮች ማኅበር ነበር፤ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1947 ወጣት ተማሪዎችን በየቤተሰቡ ማሳደር ጀመሩ። እሬሳና ቁስለኛ ሲያጓጉዙ የኖሩ ሰዎች ለሰላም የመረጡት መንገድ ይሄ ነው፤ ልጅን ከማያውቀው እናት ጓዳ ማስገባት።

ሐሳቡ ወደ እኛ ሰፈር በሙሉ ልብ የመጣው ቆይቶ ነው። ፒስ ኮር እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ አዲሶቹ ልጆች ወደየሥራቸው ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ወር ገደማ በቤተሰብ ውስጥ ሆነው እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በኋላ በነበሩት ዓመታት አሰላ፣ ሁሩታ፣ ሳጉሬ፣ ቡታጅራ እንዲህ ያሉ ልጆችን አሳደሩ። ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ቪላ አልነበረም፤ ቁልፍ ያለው የራሱ ክፍል፣ አልጋ፣ ንጹሕ ምግብ፣ ሰላም። ወደ ኦሮሚያ የሚመደበው ልጅ ኦሮምኛ፣ ከሌሎቹም ብዙዎቹ አማርኛ ይማሩ ነበር። ትልቁ ትምህርት ቤት ደግሞ ቡና የሚፈላበት ቦታ ነው። እዚያ ቁጭ ብሎ ቃል ይለቅማል፤ ልጆች ይስቁበታል፣ እናት ታርመዋለች። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲመጣ ድርጅቱ ከዓለም ዙሪያ ሁሉንም በጎ ፈቃደኞች በአንዴ ሰበሰበ፤ የኛዎቹም ሄዱ። ዛሬም ድረስ ግን "ልጄ" እያለች በስልክ የምታወራ የአርሲ እናት አለች።

እንግዲህ ታሪኩ የሚለኝ ይሄን ነው። ከሩቅ የመጣን ተማሪ ስናሳድር ሁለት ገደል አለ፤ አንዱ አሽከር ማድረግ፣ ሌላው ንጉሥ ማድረግ። መሀል ላይ ያለው መንገድ ልጅ ማድረግ ነው። ለዚህ ደግሞ ቃል ከሰው አንበደርም። ጉዲፈቻ የኦሮሞ ቃል ነው፤ አማርኛውም፣ የቤተሰብ ሕጋችንም ወስዶታል። ጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከተወለደው እኩል ነው፤ ይወርሳል፣ ይቆጡታል፣ ይልኩታል፣ ያለቅሱለታል። የሦስት ወር ተማሪ ጉዲፈቻ አይደለችም፤ መንፈሱ ግን ይሄ ነው።

አሁን አንድ የሚከነክነኝን ልናገር። ከ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ወዲህ፣ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በየግቢያችን ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ። ማታ በፈረቃ ሲወጡ ሲገቡ እናያቸዋለን። የአንዳንዶቻችን ግቢ ውስጥ ውኃ በባልዲ ይቆጠርባቸዋል፣ መብራት በሰዓት ይጠፋባቸዋል፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው የለም። እነሱም እኮ የሰው ልጆች ናቸው፤ እናታቸው "የሰው አገር ምን ሆና ይሆን?" እያለች ታድራለች። ለፈረንጇ ልጅ አዲስ ፍራሽ ለመግዛት የሚሮጥ ቤት ከጓሮው ያለችውን ልጅ ስም ካላወቀ፣ የሚቀበለው ተማሪን ሳይሆን ፓስፖርትን ነው። ይህን የምለው ላሳፍራችሁ አይደለም። ለውሳኔያችሁ ዋናው መለኪያ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ስላለ ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ "እሺ በሉ" ወይም "ይቅር" አይደለም። ማታ እራት ላይ ተሰብሰቡና እነዚህን ተነጋገሩ። መጀመሪያ፣ ለምንድን ነው የምናሳድራት? "ነገ ልጃችንን አሜሪካ ትወስድልናለች" ከሆነ ይቅርባችሁ። ያኔ የምታሳድሩት ልጅ ሳይሆን ባለዕዳ ነው፤ እሷም ይገባታል፣ እናንተም ታዝናላችሁ። ሁለተኛ፣ ክፍሏ የማን ነበር? የሴት ልጃችሁን ክፍል ቀምታችሁ ከሆነ ከወር በኋላ ቤቱ ይበጣበጣል፤ ልጅቷ ራሷ "እሺ" ማለት አለባት። ሦስተኛ፣ ወጪውን ማን ይችላል? ይህን ከላኪው ድርጅት ጋር በጽሑፍ ጨርሱ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። ብትታመም ለማን እንደምትደውሉ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ካልተስማማችሁ ማን እንደሚወስዳት፣ ይሄ ሁሉ ከመምጣቷ በፊት ይታወቅ። አራተኛ፣ ሥራ የሚበዛበት ማን ላይ ነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ላይ ነው። እናት ከልቧ እሺ ካላለች አባት "ገብታለች" ማለት አይችልም።

ውኃው በፈረቃ ነው? ንገሯት። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ንገሯት። ፆም ነው፣ ሥጋ የለም? ንገሯት። ከቤታችሁ የምታሳፍር ነገር የለችም፤ የምታሳፍረው ውሸቷ ነች።

እሺ ካላችሁ ደግሞ አንድ ምክር ልጨምር። የመጀመሪያውን ሳምንት እንግዳ ትሁን፤ ዶሮውም ይሠራ፣ ድፎውም ይቆረስ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቡና ተጠጥቶ ሲያልቅ ሲኒዎቹን ከልጆቻችሁ ጋር እንድታጥብ ጠይቋት። ወንድ ልጃችሁም ከጎኗ ቆሞ ይጠብ፤ እሷ ብቻዋን ካጠበች አሽከር አደረጋችኋት፣ ማንም ካልጠየቃት ንግሥት። አንድ ሲኒ ብትሰበር አትቆጡ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤቷ ነው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ በሰው ቤት ተምራችሁ ያደጋችሁ፣ ወይም የሰው ልጅ ያሳደራችሁ ካላችሁ፣ ከነክፉው ከነደጉ ለነዚህ ወጣት ቤተሰቦች አካፍሏቸው። ሰላም እደሩ።