የሐይቅ ውሃና እንስሳቱ፤ ቀናቸው፣ ዓመታቸውና ጠባቂያቸው

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ በ1948 የተቋቋመው የአንበሶች ግቢ፣ የአራዊት ማቆያ ማለት ምን እንደ ሆነ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንበሳ በዱር ሲኖር የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ጥላ ሥር ተኝቶ ያሳልፋል፤ ለአደን የሚነሣው ይልቁንም በጨለማ ነው። የሚያድናቸው እንስሳት በዝናብና በድርቅ ሲበዙና ሲያንሱ የእርሱም ጥጋብና ረኃብ ይፈራረቃል። በግቢው ውስጥ ግን ሥጋው የሚቀርብለት በጠባቂው ሰዓት ነው፤ ክረምትና በጋም ለእርሱ የብርድና የሙቀት እንጂ የረኃብና የጥጋብ ልዩነት አያመጡበትም። እንግዲህ የአራዊት ማቆያ ማለት አጥሩ ብቻ አይደለም፤ የእንስሳው ቀንና ዓመት በሰው እጅ መግባቱ ነው እንላለን።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይኸንኑ ትርጓሜ ይዞ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐይቅን ውሃና አጎራባቹን የአምባሰልን አገር መመርመር ነው። በዚያ አጥር ተሠርቶለት አራዊት የሚታዩበት ግቢ የለም። ነገር ግን ሐይቁ ከአርዲቦ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም። በተራሮች መካከል የተዘጋ፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር የሚበልጥ ውሃ ነው። ስለዚህ ሰው አንድ እንስሳ ቢያስገባበት የሚሆነው ሁሉ እዚያው ውስጥ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ሐይቁ፣ ማንም አጥር ሳያጥርለት፣ ከአራዊት ማቆያ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ።

ስለ ሐይቁ እንስሳት በጽሑፍ ካገኘናቸው ቀደምት ምስክሮች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሲጓዝ በሐይቅ በኩል አልፎ ነበር። በመጽሐፉም በደሴቲቱ ላይ ብዙ መነኰሳት ያሉበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም እንዳለ፣ በውሃው ውስጥም የአገሩ ሰዎች ጉማሬ የሚሏቸው ታላላቅ እንስሳት እንደሚኖሩ ይናገራል። ስሙን የጻፈው እንደ ሰማው በመሆኑ፣ ቃሉ ዛሬ እኛ የምንናገረው ራሱ ነው። ከዚህም ሌላ ራሱ አስቀያሚ፣ ገላው ልሙጥ፣ ሥጋው ግን እጅግ የሚጣፍጥ አንድ ትልቅ ዓሣ ይጠቅሳል። ይህ አምባዛ መሆኑን መልኩ ያስረዳል። ዛሬ በሐይቁ ጉማሬ የለም፤ አምባዛው ግን አለ።

ገዳሙም ለነገራችን ሌላ መነሻ ይሰጠናል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ቤቱን ካስፋፉት በኋላ የሐይቅ አበምኔት በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ ይታወቅ ጀመር፤ ትርጓሜውም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ገዳሙ ለመድረስ የግድ ውሃውን የሚሻገርበት መንሳፈፊያ አስፈልጎት ነበር። ዛሬ ግን ወደ ገዳሙ በእግር ይኬዳል፤ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟልና። ውሃው ሲሸሽ የሚለወጠው የሰው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ የሚራባበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻም አብሮ ቦታውን ይለውጣል።

በየብስ ያለውን የእንስሳት ዓመት ስንመለከት ገዢው ዝናብ ነው። አገሩ በልግና ክረምት የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወራት ስላሉት፣ በሬ ከቀንበር የሚያርፍበት ጊዜ አጭር ነው። በጥርና በየካቲት ለበልግ ይጠመዳል፤ በሰኔና በሐምሌ ለመኸር ይጠመዳል፤ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም በአውድማ ላይ እህሉን ያበራያል። ላምና በግ በክረምት ለምለም ሣር ያገኛሉ፤ በበጋ ገለባና ቃርሚያ ይጠብቃቸዋል። ንብም እንደዚሁ ነው። አደይ አበባ በመስከረም ሲፈነዳ ቀፎው ይሞላል፤ ማሩም ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። «አሰል» በዐረብኛ ማር ማለት ስለ ሆነ የአምባሰልን ስም ከማር ጋር የሚያያይዙ አሉ። እነዚህ እንስሳት ሁሉ የሰው ናቸው፤ ሆኖም ባለቤታቸው እንደ ግቢው ጠባቂ በራሱ ሰዓት አያኖራቸውም፤ እርሱም እነርሱም በአንድ ደመና ሥር ያድራሉ።

በውሃው ውስጥ ያለው ኑሮ ደግሞ በቀንና በሌሊት የተከፈለ ነው። አምባዛ ይልቁንም በሌሊት እየተንቀሳቀሰ ምግቡን ይፈልጋል፤ ዝናብ ሲጀምርም ለመራባት ውሃ ወደ ተኛበት ዳርቻ ይወጣል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ግን የሚመገበው ቀን ነው። ዓመቱን ሁሉ ሊራባ ቢችልም በአንዳንድ ወራት ይበረታል። ወንዱ በዳርቻው አሸዋ ላይ ጎድጓዳ ቦታ ያበጃል፤ እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ትመልሳለች። እንቁላል በአፏ የያዘች ቆሮሶ በመረብ ስትያዝ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ቆሮሶ ግን የሐይቁ ነባር አይደለም። የወሎ ረኃብ ከበረታበት ከ1973 ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1978፣ ሰው አምጥቶ የጨመረው ነው። ከዚያ ወዲህ ተራብቶ የሐይቁ አስጋሪዎች ዋና ሲሳይ ሆነ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩበት አሉና። ነገር ግን በ1992 በታተመ ጥናት ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው፣ ቀድሞ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ውሃ ወደ አረንጓዴነት መለወጡን አሳዩ። ለዚህም ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የዓሣው መጨመር ነው። ደቃቅ የውሃ አረንጓዴዎችን ይበሉ የነበሩትን ጥቃቅን እንስሳት ቆሮሶው ሲበላቸው፣ አረንጓዴዎቹ የሚቀንሳቸው አጥተው በዙ ማለት ነው። ጉዳቱም በመልክ ብቻ አይቀርም። የበዛው አረንጓዴ ሞቶ ወደ ጥልቁ ሲወርድና ሲበሰብስ የታችኛውን ውሃ አየር ያሳጣዋል። በብርድ ወራት የላዩና የታቹ ውሃ ሲደባለቅም ዓሣው የሚተነፍሰው ሊያንሰው ይችላል።

በዚህ ላይ የሰው ወራት ይጨመራል። በአገራችን የዓሣ ፈላጊ የሚበዛው በዐቢይ ጾም ነው፤ ጾሙም ከበልጉ መግቢያ ጋር ይገጣጠማል። ገበያው በሚጠራበት ጊዜ ዳርቻው ለመራባት በመጡ ዓሦች የተሞላ ከሆነ፣ ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ተጋጩ ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶችም በሐይቁ ከመጠን ያለፈ ማስገር እንዳለ ያመለክታሉ። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓ.ም. ማስገርን በፈቃድና በሥርዓት ለማድረግ የወጣ ነው፤ ሆኖም አዋጅ ብቻውን መረብ ከውሃ አያወጣም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። እንስሳን ከሰው ሥራ ሥር ማዋል በራሱ ጥፋት አይደለም። በስድስት ኪሎ የነበሩ 15 አንበሶች ተመርምረው በ2012 በታተመ ጥናት፣ በዘራቸው ከሌሎች ከተመረመሩት አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ግቢው ለዚያ ዘር መጠጊያ ሆኖታል፤ ይህም የሆነው አንድ ሰው በየቀኑ ኃላፊነቱን ወስዶ ስለ መገባቸው ነው። በሐይቅ ግን ዓሣው ተጨመረ እንጂ ጠባቂ አልተጨመረለትም። የሚያስፈልገውም የብረት አጥር አይደለም። ዓሣው በሚራባበት ወር ዳርቻው እንዲያርፍ፣ የመረቡ ዓይን ትንሹን ዓሣ እንዲያሳልፍ፣ በየዓመቱም የተያዘው እንዲመዘገብ ከአስጋሪዎቹ ጋር መስማማት ነው። የወራቱን መዝገብ መያዝ ለተማሪዎች የማይከብድ ሥራ ስለ ሆነ፣ ባልደረቦቻችን ለጥናታቸው ርእስ ሲመርጡ ይህን ውሃ እንዲያስቡት እናሳስባለን። ዐቃቤ ሰዓት የሚለው ማዕርግ የወጣው ከዚሁ ዳርቻ ነውና፣ ዛሬ ሐይቁ ራሱ ሰዓቱን የሚጠብቅለት ይፈልጋል።