ያፈተለከ የዲጂታል ቦርሳ ቁልፍና ሐሰተኛ የክሪፕቶ ቶክኖች

የዲጂታል ቦርሳ ምስጢራዊ ቁልፍ የክሪፕቶ ንብረትን ለማንቀሳቀስ የሚያስችል ረጅም የፊደልና የቁጥር ስብስብ ነው። የቴሌብር ምስጢር ቁጥሩ የታወቀበት ደንበኛ ቁጥሩን ይቀይራል። የክሪፕቶ ቁልፍ ግን ስለማይቀየር ያለው አማራጭ ሌላው ሳይቀድም ንብረቱን ወደ አዲስ ቦርሳ ማዛወር ነው።

ያፈተለከው ቁልፍ ቶክን የሚያወጣው ድርጅት ሲሆን ጉዳቱ ከአንድ ሰው ቦርሳ ያልፋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም አንከር በተባለው ድርጅት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ድርጅቱ ቢኤንቢ የተሰኘውን ክሪፕቶ በአደራ ላስቀመጡ ደንበኞች ምትክ ቶክን ይሰጥ ነበር፤ አንድ የሀብሩ ገበሬ መርሳ ላይ እህሉን መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ቢቀበል እንደማለት ነው። ቁልፉ ሲያፈተልክ አጥቂው አንዳች ሳያስቀምጥ በትሪሊዮኖች የሚቆጠር ደረሰኝ አተመ። መጋዘኑ አልተዘረፈም፤ ዋጋ ያጣው በሐቀኛው አስቀማጭ እጅ ያለው ወረቀት ነው። አጥቂው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወሰደ። ሌላ ሰው ደግሞ የወደቀውን ቶክን በርካሽ ገዝቶ፣ የዋጋውን መውደቅ ገና ባላወቀ አበዳሪ ዘንድ በቀድሞው ዋጋ አስይዞ ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ ወሰደ። አንከር ለጥቃቱ ተጠያቂው የቀድሞ ባልደረባው መሆኑን አስታውቋል።

ሐሰተኛው ቶክን ከእውነተኛው በመልክ አይለይም፤ ሁለቱም ያንኑ ማኅተም ይዘዋልና። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም የክሪፕቶ ግብይት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በመሆኑም በዚህ መንገድ ገንዘቡን ያጣ ሰው ሂሳብ አሳግዱልኝ የሚልበት የባንክ ቅርንጫፍ በወልዲያም ሆነ በመርሳ የለም።